«ሙሉ አገልግሎት» ሲባል፦ የሣጥን ቤቶች ጥቅል ከደብረ ብርሃን እስከ መንዝና ቆላው

የሬሳ ሣጥን ቤት በር ላይ የሚቆም ሰው አማርጦ ለመግዛት ፋታ የለውም። እናቱ ወይም ወንድሙ ሆስፒታል ዐርፈዋል፣ የእድሩ ጥሩንባ ተነፍቷል፣ መሐል ሜዳ ያለው ዘመድ ደግሞ በየሩብ ሰዓቱ እየደወለ «መቼ ነው የምትነሡት?» ይላል። ሻጩም ይህን አሳምሮ ያውቃል። «አይዞዎት ጋሼ፣ ሙሉ አገልግሎት አለን» ይላል። ሙሉ የሚባለው ሣጥን፣ አቡጀዲ፣ ሰሌን፣ ጥጥ፣ ሽቶ፣ «መድኃኒት» የሚወጋ ሰውና እስከ መቃብሩ የሚያደርስ መኪና ነው። እዚህ የምንገመግመው አንድን ቤት ነጥለን አይደለም፤ ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ሬሳ ለሚወስድ ሰው በተለምዶ የሚቀርበውን ጥቅል ነው፤ እያንዳንዱን ዕቃ ሬሳው ራሱ ከሚፈልገው ጋር እያስተያየን።

ፍርዳችንን እናስቀድም። ገዢው የሚከፍለው በአብዛኛው ለሚታየው ነው፤ ለቫርኒሹ፣ ለሳቲኑ፣ ለወርቅማው እጀታ። ሬሳ ግን የሚበላሸው በማይታየው በኩል ነው። በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓታት በወጉ ያልተያዘን አስከሬን የትኛውም ሣጥን አያቃናውም። በወጉ የተያዘውን ግን ተራ የባህር ዛፍ ሣጥንም ያደርሰዋል።

ሰዓቱን ማወቅ

ነፍስ እንደወጣ መጀመሪያ የሚመጣው መላላት ነው። ጡንቻ ሁሉ ይፈታል፤ አገጭ ይወድቃል፣ ዓይን ገርበብ ይላል፣ ሽንትና ዓይነ ምድር የሚይዙት ጡንቻዎች ይለቃሉ። ገናዦች አገጭን በጨርቅ ወደ አናት የሚያስሩት፣ ዓይንን የሚከድኑት፣ እጅና እግር አቅንተው አውራ ጣቶቹን በክር የሚያያይዙት በዚህች ሰዓት ነው። ሥርዓት ነው፤ ግን ሥራም ነው። ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ሬሳው መድረቅ ይጀምራል፦ መጀመሪያ የዓይን ሽፋን፣ መንጋጋና አንገት፣ ቀጥሎ ክንድ፣ በመጨረሻ እግር። ከ8 እስከ 12 ሰዓት ሲሞላው መላ አካሉ እንደ ጣውላ ይገተራል። ብርድ አይደለም የሚያደርቀው። ጡንቻ ከተኮማተረበት ለመላቀቅ ኤቲፒ የሚባለውን የኃይል ኬሚካል ይፈልጋል፤ ትንፋሽ ሲቆም ያ ኬሚካል አልቆ አይተካም፣ ቃጫዎቹም እንደተያያዙ ይቀራሉ። የሚላቀቁት ፕሮቲናቸው ራሱ መፍረስ ሲጀምር ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ድረስ ይወስዳል።

ስለዚህ «ሣጥኑ ሲመጣ እናቀናዋለን» ማለት ስሕተት ነው። ሣጥኑ የሚመጣው ሬሳው ከደረቀ በኋላ ነው። ክንዱ ወደ ላይ ታጥፎ ከደረቀ በኃይል መጫን ጅማት ይበጥሳል፣ ቀጭን አረጋዊ ከሆነም አጥንት ይሰብራል። የሚያዋጣው መገጣጠሚያውን በሁለት እጅ ይዞ ቀስ እያሉ ማጠፍና መዘርጋት ነው፤ ሙሉ በሙሉ ደርቆ የነበረ ጡንቻ አንዴ ከተፈታ ተመልሶ አይደርቅም።

በዚህ ጉዳይ ሰሜን ሸዋ ሁለት አገር ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ቆላ ነው፤ ግንቦት ከሰዓት በኋላ አየሩ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። «ሬሳ በሰዓት አንድ ዲግሪ ይቀዘቅዛል» የሚለው ልምድ ደጋ ላይ ግምት ሊሆን ይችላል፤ ቆላ ላይ ግን ከ37 ዲግሪ ወደ 32 ለመውረድ የሚያስቸኩለው ነገር ስለሌለ ሬሳው ትኩስ ሆኖ ይውላል፣ ትኩስ ሬሳ ደግሞ ለባክቴሪያ ድግስ ነው። ደጋ ላይ መድረቁ ዘግይቶ መጥቶ ሁለት ሦስት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ቆላ ላይ ቶሎ መጥቶ ቶሎ ይሄዳል። ለሁለቱም አገር አንድ ዓይነት ጥቅል የሚሸጥ ቤት ስለ ሬሳ አያውቅም፣ ስለ ሣጥን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ቀጥሎ የሚታየው ደም መርጋት ነው። ልብ ሲቆም ደም እንደ ማንኛውም ፈሳሽ ወደ ታች ይወርዳል፤ በጀርባው የተኛ ሰው ጀርባው፣ ወገቡና የጭኑ ሥር ሐምራዊ ይሆናል። ከ2 ሰዓት በኋላ በግልጽ ይታያል፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ቦታውን ይይዛል። በሚያጥቡበት ጊዜ «ተደብድቦ ነው የሞተው!» የሚል ጩኸት የሚነሣው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። ልዩነቱን ለማየት በአውራ ጣት ጫን ማድረግ ነው፦ ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከሆነ ቦታው ነጣ ብሎ ይመለሳል፤ በቁስለት የተቋጠረ ደም ግን አይነጣም። ሌላም ምልክት አለ፤ ትከሻና መቀመጫ መሬት የነኩበት ቦታ ደም ስለማይደርሰው ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ልክ እንደተተኛበት ቅርጽ። ከ12 ሰዓት በኋላ ግን ይህ የጣት ፈተና አያገለግልም፤ ጥርጣሬ ካለ ዳኛው ሐኪም ነው።

አንድ ጉዳይ ለደብረ ብርሃንና ለመንዝ ሰው በተለይ ይጠቅማል። ጀርባው ላይ የረጋው ደም ሐምራዊ ሳይሆን ደማቅ ቀይ፣ የበሰለ ቲማቲም መሰል ከሆነና ሟቹ የተገኘው ከሰል በተያያዘበት ዝግ ቤት ከሆነ፣ የከሰል ጭስ መመረዝ መጠርጠር አለበት። ብርድም ቀለሙን ወደ ቀላ ያለ ሊወስደው ስለሚችል በዓይን ብቻ አይፈረድም። እንዲህ ያለ ሬሳ አይታጠብም፣ መድኃኒትም አይወጋም፤ ፖሊስ ይጠራል። ፎርማሊን አንዴ ከገባ የደምና የመርዝ ምርመራው ይበላሻል። «መድኃኒቱን ቶሎ እንውጋና ምርመራው ይደርሳል» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ ጥለውት ይውጡ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው የአንጀት ነው። በሕይወት ሳለን የሚያገለግሉን ባክቴሪያዎች የሚገታቸው ሲያጡ አንጀቱን ራሱን ይበሉታል። መጀመሪያ ምልክቱ በቀኝ በኩል ከእምብርት በታች የሚታይ አረንጓዴ ጥላ ነው፤ ትርፍ አንጀት ካለበት አካባቢ። የባክቴሪያው ጋዝ ከደሙ ቀይ ቀለም ጋር ተገናኝቶ ነው አረንጓዴ የሚሆነው። በመካከለኛ አየር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ይወጣል፤ ቆላ ላይ ቀድሞ፣ ደጋ ላይ ዘግይቶ። ከዚያ ሆድ ይነፋል፣ ጋዙ ሳንባን ሽቅብ ይገፋል፣ በአፍና በአፍንጫ ቡናማ ቀይ ፈሳሽ ይወጣል። ይህን አይቶ «ደም አለቀሰ» ወይም «ገዳዩን አየ» ማለት የቆየ ነው። ፈሳሹ ከሳንባና ከጨጓራ በጋዝ ተገፍቶ የወጣ ነው። ሬሳውን ሲያገላብጡ የሚሰማው የማቃሰት ድምፅም ከሳንባ የቀረ አየር በጉሮሮ ሲያልፍ ነው፤ አዲስ ገናዥ ሲሰማው ሬሳውን ጥሎ ይሮጣል፣ ቢነገረው አይሮጥም ነበር።

ጸጉርና ጥፍር ከሞት በኋላ ያድጋሉ የሚባለው ሐሰት ነው። ቆዳው ሲደርቅ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የተሸፈነው ጥፍርና የጺም ሥር ይገለጣል፣ ያ ነው።

የግንዘቱ ዕቃ

እዚህ ጥቅሎቹ ጥሩ ናቸው። አቡጀዲ፣ ሰሌንና ክር በርካሽ ይገኛሉ፣ ጥራታቸውም ብዙ አይለያይም። ሆኖም አቡጀዲው ሲለካ ይቆጥባሉ። ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ አቡጀዲ ለአንድ ሙሉ ሽፋን ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ይሰፋል፤ 1 ሜትር ከ70 ለሆነ ሰው እያንዳንዱ ቁራጭ 2 ሜትር ከ40 ያስፈልገዋል፣ ከራስና ከእግር የሚቋጠር ስላለ። ለአንድ ሽፋን ወደ 5 ሜትር ማለት ነው። ሁለት ሽፋን ከሆነ 10፣ ለአገጭ፣ ለእጅና ለእግር ማሰሪያ ደግሞ አንድ ሜትር። 6 ሜትር ሰጥቶ «ይበቃል» የሚል ሻጭ ሬሳውን እግሩ ወጥቶ ነው የሚሰድደው።

የሚጎድለው ጥጥ ነው፤ አንድ ትንሽ ጥቅልል ይሰጣሉ። ጥጥ ለአፍንጫ፣ ለአፍ፣ ለታችኛው ክፍል፣ መርፌ ለተወጋበት ቦታ ሁሉ ያስፈልጋል። ሆስፒታል የሞተ ሰው ክንዱ ላይ የጉሉኮስ መርፌ፣ ምናልባትም የሽንት ቱቦ ነበረው፤ መርፌው ሲነቀል ቀዳዳው አይደፈንም፣ የሬሳ ደም እንደ ሕያው ሰው ስለማይጓጉል ለሰዓታት ሊንጠባጠብ ይችላል። ጥጥ ተደርጎ በፕላስተር ሁለት ዙር መታሰር አለበት፣ አለዚያ መግነዙ ላይ ቀይ ነጥብ ወጥቶ ለቀስተኛው ይረበሻል። የአዋቂ ዳይፐር አንድ ቢያካትቱ ግማሹ ችግር ይቀል ነበር፤ ጥቅሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ አናገኘውም። ጓንትም እንዲሁ። እንደ ኮሌራና ኢቦላ ባሉ በሽታዎች ካልሞተ በቀር ከሬሳ ወረርሽኝ አይነሣም፤ ነገር ግን ደም ወለድ በሽታዎች በደም ውስጥ ለቀናት ሊቆዩ ስለሚችሉ እጁ የተቧጨረ ገናዥ ያለ ጓንት መሥራት የለበትም።

ሽቶውን ይመልሱት። ሽታን አይሸፍንም፣ ከሽታው ጋር ተደባልቆ ሦስተኛ ሽታ ይሆናል።

ኢፋት፣ ቀወትና አጣዬ በኩል ላሉ ሙስሊም ቤተሰቦች ይህ ጥቅል ከሞላ ጎደል አያስፈልግም። ቀብሩ በዕለቱ ነው፤ ለወንድ ሦስት፣ ለሴት አምስት ከፈን (የመገነዣ ጨርቅ)፣ እጥበቱ በቁርቁራ ቅጠል፣ መጨረሻው በካፉር (ካምፎር) ነው። በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ለሚቀበር ሬሳ ቆላ ላይም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም፤ ባክቴሪያውን የሚቀድመው ፍጥነት ብቻ ነው።

መድኃኒቱ

የጥቅሉ ትልቁ ችግር እዚህ ነው። «መድኃኒት ተወግቷል» ሲባል ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ማለት ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ በትልቅ መርፌ ሆድ ውስጥ ፎርማሊን ጨምሮ መሄድ ነው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሁለተኛው በደም ሥር የሚሰጠው ነው፤ አንገት ወይም ብሽሽት ላይ ትንሽ ተቀድዶ፣ ቱቦ ወደ ትልቁ ደም ቅዳ ገብቶ፣ ፈሳሹ በቀስታ ሲገፋ ደሙ ከጎን ባለው ደም መልስ እየወጣ። ይህ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። የመጀመሪያው የሆዱን መንፋት ለአንድ ቀን ያዘገይ ይሆናል፤ ፊትን፣ እጅን፣ ጡንቻን አይነካም። ዋጋው ግን አንዳንድ ቦታ እንደ ሁለተኛው ነው።

ከሱቅ የሚገዛው ፎርማሊን ከ37 እስከ 40 በመቶ ፎርማልዴሃይድ አለበት። እንዳለ አይገባም፤ እንዳለ ከገባ የደም ሥሩን ጫፍ ወዲያው አድርቆ መንገድ ይዘጋል፣ ከኋላ የሚመጣውም የትም አይደርስም። አንድ እጅ ፎርማሊን በዘጠኝ እጅ ውሃ የተለመደ ነው። መጠኑ ለ20 ኪሎ ክብደት ከ3 ሊትር ትንሽ በላይ፣ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው ወደ 10 ሊትር ድብልቅ ይመጣል፤ ከዚህ ውስጥ ፎርማሊኑ ብቻ አንድ ሊትር ነው። እዚህ ላይ ሂሳቡ ያጋልጣል፦ ባለሙያው የመጣው ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ይዞ ከሆነ በደም ሥር አይሰጥም ማለት ነው። ጠርሙሱን አይተው ይጠይቁት። በትክክል ከተሰጠ ጆሮና ጣት ጫፉ ይጠጥራል፣ ቆዳው ገርጣ ይላል፤ የአንድ እጅ ጣቶች ጠጥረው የሌላው ልል ከሆኑ ያ ክንድ አልደረሰውም፣ ብብት ላይ በተናጠል መሰጠት አለበት።

ፎርማሊን የሚሠራው ፕሮቲንን እርስ በርሱ በማሰር ነው። ለዚህም ነው ከተወጋ በኋላ አካሉ ባለበት ቅርጽ የሚቀረው፤ አገጭ፣ ዓይንና እጅ ከመወጋቱ በፊት እንጂ ከተወጋ በኋላ አይስተካከሉም። የጀመረ ብስባሴንም አይመልስም። ከሞት በኋላ በ12 ሰዓት ውስጥ ቢሰጥ መልካም፤ ሁለት ቀን ቆላ የዋለ ሬሳ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ነው። በኢንፌክሽን ትኩሳት የሞተ፣ ሰውነቱ ያበጠ ወይም ወፍራም ሰው ቶሎ ይበላሻል፤ ለእነዚህ መጠኑ ከፍ፣ ሰዓቱ ቀደም ይላል።

ደግሞ ለሕያዋን፦ ፎርማልዴሃይድ በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ተብሎ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የተመደበ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ መስኮት ዘግቶ፣ ቤተሰብ አስቁሞ የሚወጋ ሰው ሥራውን አያውቅም። ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥለው ዕጣን ወይም ለቅሶ ብቻ አይደለም።

አብዛኛው ገዢ መድኃኒቱ ጨርሶ አያስፈልገውም። ዛሬ ማታ የሞተ ሰው ነገ ከሰዓት በኋላ ሞላሌ የሚቀበር ከሆነ ብርድ ይበቃዋል። የሆስፒታል ማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ይይዛል፤ መብራት ቢጠፋ በሩ ካልተከፈተ ለሰዓታት ብርዱን ያቆያል። ማቀዝቀዣ ከሌለ ደግሞ በሃይላንድ ውሃ ሞልቶ በረዶ ማድረግ ነው፤ ስምንት ወይም አሥር ሃይላንድ፣ በላስቲክ ተጠቅልለው ሆድ ላይ፣ በሁለቱ ጎንና በብሽሽት፤ በየአራት አምስት ሰዓቱ ይቀየራሉ። ፊት ላይ አይደረግም፣ ቆዳውን ያበላሻል። ለዚህ ማንም ሻጭ አያስከፍልም፤ ማንም አያስታውስዎትምም።

ከአምስት ነጥብ ለሆድ መርፌው አንድ፣ ለደም ሥሩ አራት እንሰጣለን።

ሣጥኑ

ሦስት ዓይነት ይቀርባል፦ የባህር ዛፍ ጣውላ፣ ቺፑድ በፎርማይካ የተለበጠ፣ አልፎ አልፎም የጽድ ወይም የዋንዛ። በጣም የሚያምረው ቺፑዱ ነው፤ በጣም የሚከዳውም እሱ ነው። ቺፑድ የተፈጨ እንጨት በሙጫ የተጋገረ ነው። እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ብሎንና ሚስማር የያዘው ቦታ ይፈረፈራል። ባህር ዛፉ በአገሩ ያለ ነው፣ ጠንካራ ነው፤ ችግሩ ሳይደርቅ መሠራቱ ነው። ርጥብ ባህር ዛፍ በሳምንት ውስጥ ይጣመማል፣ ጫፉ ይሰነጠቃል። ለአንድ ቀን ጉዞ ግን መጣመሙ ግድ አይሰጥም፤ ከቺፑድ ይሻላል።

ሣጥን ሲገዙ ክዳኑን አይክፈቱ፤ ገልብጠው ወለሉን ይዩ። ሣጥን ሁልጊዜ የሚፈርሰው በወለሉ ነው። ርካሹ አሠራር ወለሉን ከሥር ለጥፎ በሚስማር መምታት ነው፤ የሬሳው ክብደት ሚስማሩን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ይነቅለዋል። ደህናው አሠራር ወለሉ በጎን ጣውላዎቹ መካከል ገብቶ፣ ከሥሩ ሦስት አግዳሚ ጣውላ ተደርጎለት፣ ሚስማሩ ከጎን የተመታበት ነው። በጉልበት ጫን ይበሉት፤ ጭጭ ካለ ይግዙ፣ ከጮኸ ይተዉት። ቀጥሎ እጀታ። 60 ኪሎ ሰውና 35 ኪሎ ሣጥን ለስድስት ተሸካሚ በነፍስ ወከፍ ወደ 16 ኪሎ ነው፤ ይህ ሜዳ ላይ ነው። አቀበት ላይ ከኋላ ያሉት ሁለቱ አብዛኛውን ይሸከማሉ። ስለዚህ እጀታው በጣውላው ውስጥ አልፎ ከውስጥ በብሎንና በክብ ብረት መያዝ አለበት። በአራት አጭር ሚስማር የተለጠፈ ወርቅማ ፕላስቲክ ጌጥ ነው፤ እሱን የሚያምን ሰው ከሣጥኑ ሥር ገመድ ያሳልፍ።

መለኪያው ላይ የሚደረገው ስሕተት አስገራሚ ነው። ቤተሰቡ «አንድ ከሰባ ነው» ይላል፣ አንድ ከሰባ አምስት ይሰጠዋል። ሬሳ ግን ከቁመቱ ይረዝማል፤ የእግሩ መዳፍ ወደ ፊት ይዘረጋልና ከአናት እስከ አውራ ጣት ጫፍ አምስት ስድስት ሳንቲ ሜትር ይጨምራል። ሰሌኑና መግነዙ ደግሞ ሌላ። ከአናት እስከ ጣት ጫፍ ለክተው 10 ሳንቲ ሜትር ይጨምሩ፤ ለ1 ሜትር ከ70 ሰው የውስጥ ርዝመቱ ቢያንስ 1 ሜትር ከ85 ይሁን። ጥልቀቱ ከ35 በታች ከሆነ ክዳኑ ደረት ይጫናል፤ ሆድ ትንሽ ቢነፋም ክዳኑ ይነሣል። የውጭ መጠኑን ደግሞ ወዲያው ለመቃብር ቆፋሪዎች ይደውሉ። የሟቹን ቁመት ሳይሆን የሣጥኑን። ሣጥን ጉድጓድ ውስጥ ተሰንቅሮ ለቀስተኛ ፊት ድንጋይ መፈልፈል ከዚህ ነው የሚመጣው።

ሳቲኑ ምንም አይመጥም። የሚያስፈልገው ወፍራም ላስቲክ ጠርዙ እንደ ገበቴ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ታጥፎ፣ ከላዩ አራት ሳንቲ ሜትር ደረቅ ሰጋቱራ፣ ከዚያ ሰሌኑ። ሣጥን ቤት ሰጋቱራ ሞልቶት ይጥለዋል፤ ይጠይቁ፣ በነጻ ይሰጡዎታል። ርጥብ ከሆነ ግን አይቀበሉ።

መኪናው

በሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ የሚጫን ሣጥን ፀሐይ ይመታዋል፣ ጥቁር ጨርቅ ከለበሰ ይብስ፣ የጠጠር መንገድ መናጡም ሁሉን ፈሳሽ ያነቃንቃል። ከውስጥ የሚጫን ይመረጣል፤ ፎርማሊን ከተወጋ ደግሞ መስኮት ተከፍቶ ነው።

ስለ አቀማመጥ የሚያስብ ሾፌር ብዙም የለም። ጭንቅላት ከአካል ከፍ ማለት አለበት፤ አለዚያ ደም ፊት ላይ ይረጋል፣ ፈሳሹም በአፍ ይወጣል። ከሥሩ 10 ሳንቲ ሜትር የሚያህል የታጠፈ ጋቢ ወይም እንጨት ይበቃል። ከዚያ መንገዱን ያስቡ። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መኪና አፍንጫው ወደ ታች ነው፤ ስለዚህ ራስ ወደ ኋላ፣ እግር ወደ ሾፌሩ መሆን አለበት። ወደ መዘዞ፣ ሞላሌና መሐል ሜዳ ለሚገባ መኪና ከፍታው ስለማይወድቅ ጋቢው በቂ ነው። ወደ መራቤቴ የሚሄድ ደግሞ ጀማን ወርዶ ይወጣል፤ እዚያ ትራሱን ከፍ ከማድረግ ሌላ መፍትሔ የለም። ደጋ ላይ ደህና የነበረ ሬሳ ጀማ ሸለቆ ውስጥ ሁለት ሰዓት ቢቆም ሽታው ይለወጣል። መኪና ቢበላሽ በጥላ ማቆም፣ ሣጥኑን አለመክፈት።

የሆስፒታሉ የሞት ማስረጃ በሾፌሩ እጅ ይሁን፤ ኬላ ላይ ተሳፋሪውን አስወርዶ መፈለግ እንዳይመጣ።

ከውጭ የሚመጣው ዚንክ

ከአረብ አገር በአውሮፕላን የሚመጣ ሬሳ በተበየደ ዚንክ ውስጥ፣ ከውጭ በእንጨት ተሸፍኖ ነው የሚደርሰው። እዚህ ላይ ሣጥን ቤቶች «ከፍተን እናሳምረው» የሚል አገልግሎት ይሸጣሉ። እናት «የልጄን ፊት ልየው» ማለታቸው የማይታለፍ ነገር ነው፤ ግን ከመክፈት በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ መቼ ሞተ፣ መቼ ተወጋ፣ ስንት ጊዜ ከማቀዝቀዣ ወጣ። ለሳምንታት የቆየ ሬሳ ዚንክ ውስጥ ጋዝና ፈሳሽ አጠራቅሟል፤ ብየዳው በመሮ ሲነሣ ጋዙ በአንድ ጊዜ ይወጣል፣ ፊቱም የሚታወቀው ፊት አይሆንም። መክፈት ግድ ከሆነ ውጭ ሜዳ ላይ፣ ንፋሱን ከጀርባ አድርጎ፣ መጀመሪያ ከእግር በኩል ትንሽ ቀዳዳ አብስቶ ጋዙ እስኪወጣ መጠበቅ፣ ቀጥሎም አንድ ሰው ብቻ ቀርቦ አይቶ ለቤተሰቡ መንገር። አባቶችም ፍትሐቱን በተዘጋው ላይ ያደርጋሉ፤ ለዚያ መከፈት አያስፈልግም።

ከመቃብሩ በታች

ስለ ሣጥኑ ዘላቂነት ሲነገር መጠየቅ ያለበት አፈሩ ነው። በአየር ላይ አንድ ሳምንት የሚፈጀው ብስባሴ በውሃ ውስጥ ሁለት፣ በአፈር ውስጥ ስምንት ሳምንት ያህል ይወስዳል የሚለው አሮጌ ግምት ዛሬም ይሠራል። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለው መረሬ ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ ውሃ ይይዛል፣ አየር አያስገባም። እንዲህ ባለ ቦታ የሬሳው ስብ ወደ ነጭ ግራጫ፣ እንደ ሻማ ያለ ነገር ይለወጣል፤ ከዓመታት በኋላ አጽም ለማፍለስ ሲቆፈር ቅርጹን እንደያዘ ይገኛል። ተአምር ሊባል ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ርጥበትና የአየር እጥረት ነው። በተቃራኒው ደረቅና አየር የሚመላለስበት ዋሻ ቆዳውን እንደ ቋንጣ ያደርቀዋል፤ ላስታ ይምርሐነ ክርስቶስ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የሚታዩት አስከሬኖች እንዲያ ያሉ ናቸው። መንዝ ላይ አፈሩ ስስ፣ ከሥሩ ድንጋይ ስለሆነ ጉድጓዱ ብዙ ጊዜ ጥልቀት ያጥረዋል፤ እዚያ ከላይ የሚካበው ድንጋይ ለጅብ እንጂ ለጌጥ አይደለም፣ ትላልቁ ከሥር፣ ትንንሹ ከላይ ይሁን።

ስለዚህ ለጉዞ ያነጠፉትን ላስቲክ ከማውረድዎ በፊት ከእግርና ከወገብ በኩል በቢላ ሁለት ሦስት ቦታ ይሸንቁሩት። መረሬ ላይ ከሆነ ጉድጓዱ ሥር አንድ ክንድ ያህል ጠጠር ይደልደል፣ በሣጥኑ ዙሪያም ጥቁሩ ሳይሆን ከሌላ ቦታ የመጣ ቀይ አፈር ይሙላ። ዚንክ ከሆነ ደግሞ ሥሩ ካልተበሳ ከእነውሃው እንደታሸገ ይቀመጣል፤ ለአጽም ፍልሰት የሚመጣው ትውልድ ሲከፍተው የሚያገኘው አጥንት አይሆንም። «ሃምሳ ዓመት አይበሰብስም» ብሎ ለሚያስከፍል ሻጭ ያንን ልዩነት አይክፈሉ።